የኔ ፈሰስ፣ ያንተ ቦረቦር

ሰኔ ላይ ጎጃም ደንበጫ ገበያ የወጣ ሰው ክላይሜት ቼንጅ የምትለዋን ቃል ከማንም ላይሰማ ይችላል፣ ግን ስለሷ የማያወራ ሰው አያገኝም። አንዱ ግንቦት መጨረሻ በጣለች ዝናብ ተማምኖ በቆሎውን ዘርቶ፣ ከዛ ሰማዩ ሦስት ሳምንት ዝም ብሎበት፣ አሁን ዘር ለሁለተኛ ጊዜ ሊገዛ መጥቷል። ሌላዋ አምና ጤፏ ታጭዶ መሬት ላይ እንዳለ ኅዳር ላይ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወርዶ እንዳበሰበሰባት እያወራች ጨው ትመዝናለች። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ባጭሩ "ዝናቡ ልማዱን ለቀቀ" ይሉታል፣ እኔ ከዚ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ ይሄን ሕዝብ ሰብስበን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ግንዛቤ እናስጨብጥ ስንል ነው ነገሩ ከመነሻው የሚበላሸው። ግንዛቤው አለ፣ ከኛ ከተማ ከምንኖረው በላይ አለ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ለብቻው ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ እንዲያደርገው የሚያስችል መግባባት ነው የጎደለው፣ እና እሱ መግባባት በፖስተርና በስልጠና አይመጣም። ከምን ይመጣል የሚለውን ነው እዚ ላይ ማየት የምፈልገው፣ ያደግኩት ከደንበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዬም በብዛት ከዛው ነው።

ከፈሰስ ልጀምር። ፈሰስን የማታውቁ የከተማ ልጆች ካላችሁ፣ ገበሬው ማሳውን ዘርቶ ሲጨርስ በማረሻው ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ቦይ ነው፣ የተረፈ ውሃ እሱን ይዞ ከማሳው እንዲወጣ። ጎጃም ደጋው ላይ ክረምቱ ከባድ ነው፣ ውሃ ማሳ ውስጥ ከተኛ ሰብሉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚ ፈሰስ የስንት ዘመን ብልሀት ነው፣ የሚናቅ ነገር አይደለም። ግን ከኔ ማሳ የወጣው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ጎረቤቴ ነዋ። ጎረቤቴ ደግሞ የራሱን ፈሰስ አውጥቶ ከኔ የተቀበለውን ጨምሮ ለታችኛው ይሰጣል፣ ታችኛው ለከብት መንገዱ ይሰጣል፣ የከብት መንገዱ ደግሞ ድሮም በኮቴ የተፈጨ ስለሆነ አንድ ክረምት ይጫጫራል፣ ሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል፣ አምስተኛው ክረምት ላይ በሬ ገብቶ የማይወጣበት ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እየናደ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዞሮ ዞሮ መጀመሪያ ውሃውን የለቀቀው ሰው ማሳ ጋ ይደርሳል።

የአየር ንብረት ለውጡ የሚገባው እዚ ላይ ነው። አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ ውሃ የመሸከም አቅም ያገኛል፣ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 7 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ይሄ የታወቀ የፊዚክስ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ብቻ በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ስለዚ የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ብዙ ባይቀየር እንኳ አወራረዱ ይቀየራል፣ ቀስ ብሎ ሲያካፋ ይውል የነበረው ባንድ ከሰአት ተጠራቅሞ ይወርዳል፣ ፈሰሱ ያኔ የተቀደደው ለካፊያ ነበር እንጂ ለዚ አልነበረም። አያቶቻችን ያወጡት ቦይ ላይ እነሱ የማያውቁት ዝናብ እየወረደበት ነው ማለት ነው።

አፈሩን በቁጥር እንየው ካልን፣ የስዊዙ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የዛሬ ሰላሳ ዓመት አካባቢ ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። እኛ ጋ መሬት የሚለካው በቃዳ ነው፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር፣ ስለዚ ከአንድ ቃዳ በዓመት ከ100 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ሁለት አይሱዙ ሙሉ። ሁለት አይሱዙ እህል ከጎተራህ ቢሰረቅ መንደሩ በሙሉ በእሪታ ይወጣ ነበር፣ አፈሩ ግን በሌሊት በዝናብ ስለሚሄድና ጠዋት ማሳው ያው ስለሚመስል ማንም አይጮህም።

እኛ ሰፈር አጠገብ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው ስሙን አያውቀውም እንጂ በአፈር ጥናት ዓለም ውስጥ የታወቀ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በስዊዘርላንድ ድጋፍ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተከፈተበት 113 ሄክታር የምታህል ትንሽ ተፋሰስ ናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1986 ደግሞ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን፣ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ እየወረወሩ የሚሠራው ማለት ነው፣ ተፋሰሷ ላይ ተሠራ። ዝናቡም ጎርፉም አፈሩም ለረጅም ዓመታት ሲለካ ኖሯል። እርከኑ እያደር ራሱን እየሞላ ማሳውን እንደ ደረጃ አድርጎታል፣ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል።

ከአንጀኒ እኔ የምወስደው ትምህርት ግን ስለ እርከን ቴክኒክ ብቻ አይደለም። እንደኛ ዝናብ የሚበዛበት አገር ላይ እርከን ዝም ብሎ ጠፍጣፋ ቢሠራ ውሃ ያቁራል፣ ሰብል ያበሰብሳል፣ ስለዚ ትንሽ ዘንበል ብሎ ውሃውን ወደ አንድ ማፋሰሻ መውሰድ አለበት። ማፋሰሻው በማን መሬት ላይ ይለፍ? በቃ ጥያቄው ይሄ ነው! አንድ ጎበዝ ገበሬ ብቻውን እርከን ሠርቶ አይድንም፣ ከላይ ያለው ጎርፉን ከለቀቀበት ይንደዋል፣ ከታች ያለው ማፋሰሻ አላሳልፍም ካለው ውሃው ይተኛበታል። አንድ ሰው መሬቱን ሊቀንስ ነው ሌላው እንዲጠቀም፣ እርከኑ ራሱ ከማሳው የሚበላው ቦታ አለ፣ አይጥ ይራባበታል፣ በሬ ማዞሪያ ይጠባል፣ ይሄን ሁሉ ገበሬው በትክክል ያሰላዋል። ስንፍና እያልን የምንጠራው ብዙ ጊዜ ስሌት ነው።

እሺ፣ ዘመቻው ጋ እንምጣ። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የተፋሰስ ልማት የሕዝብ ንቅናቄ ነበር፣ ያልወጣ ሰው የለም፣ እናቶች ጭምር ድንጋይ ተሸክመዋል። ያ ሥራ ባዶ ነበር የሚል ሰው ካለ አልስማማም፣ ድሮ የተራቆተ አሁን ሳር የያዘ ኮረብታ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ብዙው እርከን በሦስተኛው ዓመት ላይ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ አልነበረም፣ የሚጠየቀው ዘንድሮ ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ ነው። አገር አቀፉም እንደዛው ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ባንድ ቀን ከ350 ሚሊየን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም አወራለት፣ ለኔ ግን የሚበልጥብኝ ዜና ከአምስት ዓመት በኋላ በየቀበሌው ስንቱ ቆመ የሚለው ነው።

ይሄን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ልማት ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። ሐምሌ ላይ አንድ ኮረብታ ላይ ሕዝቡን አሰልፈን ችግኝ ተከልን፣ ጉድጓዱ በዛው ቀን ነው የተቆፈረው፣ ችግኙ ከመኪና ሲወርድ ግማሹ ሥሩ ደርቋል፣ ቁጥሩን ግን ጽፌ ላክሁ፣ ፎቶም ተነሳን። ጥር ላይ ሄጄ ሳየው ኮረብታው ላይ ያለው ከብት ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ እዛው ከብት ሲጠብቁ አገኘኋቸው፣ ስቆጣ አይተው "ልጄ፣ ስትተክሉ ከብቱ የት ይሂድ ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር?" አሉኝ። አልጠየቅንም ነበር። እስከዛሬ ያቺ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣችም፣ ይሄን ጽሑፍም ያስጻፈችኝ እሷ ናት ብል ውሸት አይሆንም።

ምክንያቱም የነገሩ እምብርት ልቅ ግጦሽ ነው። እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ክረምት እስኪገባ ድረስ፣ ማሳው የማንም ይሁን የማን ከብት ሁሉ ይገባበታል። እርከኑን የሚንደው ኮቴ ነው፣ ችግኙን የሚጨርሰው አፍ ነው፣ ማሳው ላይ የቀረውን ገለባ ጠርጎ አፈሩን ራቁቱን ለሰኔ ዝናብ የሚሰጠውም እሱ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ልማድ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ የድሃ ዋስትና ነው። ሁለት ቃዳ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት አንዲት ላሟን የምታበላው በዚ ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣት አምስት በጎቹን የሚያኖረው በዚ ነው። ልቅ ግጦሽ ይቁም ብሎ በስብሰባ ላይ እጅ ማስወጣት ቀላል ነው፣ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው ደግሞ ብዙ መሬት ያለው፣ ከራሱ ማሳ ገለባና ሳር የሚያገኘው ሰው ነው፣ እሷ ዝም ትላለች፣ ከዛ ማታ ላሟን ትለቃለች። ምን ታድርግ?

ስለዚ በኔ እምነት ማኅበረሰብን ለአየር ንብረት ሥራ ማሰባሰብ ማለት ከዚች ሴት መጀመር ማለት ነው። ደንቡ ከመጽደቁ በፊት የሷ ላም ምን እንደምትበላ መልስ ካላገኘ ደንቡ ወረቀት ነው። መልሱ ደግሞ አለ። ቦረቦር ተከትሮ ዝሆኔ ሳር፣ ደሾ ወይም ሳስፓንያ ሲተከልበት የመጀመሪያውን ክረምት ካለፈ በኋላ የሚሰጠው መኖ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው፣ ደጋው ላይ ደግሞ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ይሆናል። የዛን ሳር ድርሻ በመሬት ስፋት ሳይሆን በቤት ቁጥር አካፍሉት፣ መሬት ላልያዙት ወጣቶች የተከለለውን ኮረብታ ለንብ ቀፎና ለሳር ሽያጭ በወረቀት አስይዟቸው፣ ያኔ ጠባቂ መቅጠር አያስፈልግም። እና ባንዴ ቀበሌውን ሁሉ መዝጋት አያስፈልግም፣ አይቻልምም፣ አንድ ጎጥ አንድ ቦረቦር አንድ የኮረብታ ፊት ይበቃል፣ የመጀመሪያው ዓመት ከብቱ የሚጨነቅበት ነው፣ ያንን ዓመት ካለፉ ሁለተኛው ላይ ሳሩ ራሱ ያስተምራል። አጭዶ መቀለብ የጀመረ ሰው ላሟ ወተት ስትጨምር ያያል፣ ኩበቱም በየመንገዱ ከመበተን ግቢው ውስጥ ይጠራቀማል።

ብዙ ጊዜ የምሰማው ሌላ ጥያቄ አለ፣ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። "እኛ ፋብሪካ የለን፣ መኪና የለን፣ ዓለምን ያሞቁት ሌሎች፣ ለምን እኛ እንሠራለን?" ይላሉ ሰዎች። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚ ለገበሬው ዓለምን አድን ማለት ነውር ይመስለኛል። የሚባለው ነገር ሌላ ነው፣ የበደሉህ ይካሱህ፣ እሱን የሚከራከሩ ሰዎች በየስብሰባው ይከራከሩልህ፣ የዘንድሮ ሐምሌ ግን ካሳውን አይጠብቅም፣ ያንተ አፈር ያንተ ነው። እንዲህ ሲባል ሰው ይገባዋል።

የካርቦን ገንዘብም ቢሆን እንደዛው ነው። ወላይታ ሁምቦ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ሕዝቡ ከልሎ ደኑ ተመልሷል፣ በአፍሪካ በዓይነቱ ከቀደምቶቹ ነው፣ የካርቦን ክፍያም ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ መጥቷል። እዛ የተሠራው ትልቁ ሥራ ግን መትከል አልነበረም፣ መሬት ውስጥ የነበረው የድሮ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ መተውና መግረዝ ነበር። እኛ ጋ ስንት ኮረብታ ላይ የወይራና የብሳና ጉቶ አፈር ለብሶ ተቀምጧል፣ ከብት ባይነካው ይነሳ ነበር። ለዚ ሥራ ችግኝ ጣቢያም በጀትም አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ያው የግጦሽ ስምምነት ነው፣ ካርቦኑ ከመጣ ምርቃት ነው፣ ሰውን በሱ ተስፋ አታስቀምጡት።

አዊ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ፋግታ ለኮማ፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራ ዙሪያ በመኪና ያለፈ ሰው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ አይቷል። ማንም ዘመቻ ሳይጠራቸው ገበሬዎቹ ራሳቸው ማሳቸውን በዲከረንስ ሸፈኑት፣ መጀመሪያ ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክሉታል፣ ከዛ በሥሩ ሳር ያጭዳሉ፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ከሰል ያከስሉታል፣ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። አሲዳማ ሆኖ እህል እንቢ ያለ መሬት ነው በብዛት፣ ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራው ልጅ ያስተማረው በዚ ነው። የሳተላይት ምስል ላይ የወረዳው አረንጓዴ ሽፋን ሲጨምር ታይቷል። ሰው ጥቅሙን ካየ ማንም ሳይቀሰቅሰው እንደሚተክል ከዚ በላይ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ሁሉም ለየብቻው፣ ሁሉም አንድ ዛፍ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ሲገባበት ከማሳ ማሳ የሚያግደው ነገር አልነበረም፣ ብዙ ሰው የአራት ዓመት ተስፋው ቆሞ ደረቀ። ገበያ ሰውን እንዲተክል ያደርገዋል፣ ምን ምን ቀላቅለን እንትከል፣ የቱ ጋ ክፍተት እንተው፣ የታመመውን ማን ቶሎ ይንቀል የሚለውን ግን ገበያ አይነግረውም፣ እሱ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይፈልጋል።

ቁጭ ብሎ መነጋገሪያው ደግሞ አለን፣ አዲስ ኮሚቴ ባናቋቁም ደስ ይለኛል። በየቀበሌው ስንት የሞተ ኮሚቴ አለ፣ የእድር ኮሚቴ ግን ሞቶ አያውቅም፣ ለምን? ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፣ ቅጣቱን የሚቀጣው ጎረቤት ነው፣ ገንዘቡ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ሞት ደግሞ ማንንም አይዘልም። ጎርፍም አይዘልም። ሰንበቴ ላይ ጠላው እየተቀዳ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያወራው ወሬ አዳራሽ ውስጥ አበል እየተቆጠረ ከሚወራው ይበልጣል። ወንፈልን ደግሞ አስቡት። ወንፈል ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ነው፣ ሒሳቡ የተያዘ ነው፣ ማንም አይሸወድም። እርከን በዘመቻ ሲሠራ ሥራው የመንግሥት ይሆናል፣ በወንፈል ሲሠራ ግን ከላይኛው ማሳ ተጀምሮ ተራ በተራ እየወረደ ነው የሚሠራው፣ በቴክኒክም ትክክሉ ይሄው ነው፣ ውሃ ከላይ ካልተያዘ ታች የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል። ሲናድ የሚጠግነውም ያው ወንፈል ነው።

የቤተክርስቲያኑንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጎጃም ውስጥ ከሩቅ ክብ ጥቁር ደን ካየህ መሃሉ ላይ ታቦት እንዳለ ታውቃለህ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ኮሶው፣ ጥዱ እዛ ነው የተረፈው። ሰው እንደሚከበር ደን አድርጎ ያቆየው በገዛ እምነቱ ነው። ሆኖም የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የሙያ ባልደረቦቹ በነዚ ደኖች ላይ ሠርተው ካሳዩን ነገር አንዱ ትልልቆቹ ዛፎች ቢከበሩም ከሥር ያለውን ቡቃያ ከብት እየበላው ደኑ ተተኪ እያጣ መሆኑን ነው። መፍትሔውም ሩቅ አልነበረም፣ ከየማሳው ላይ ለአራሹ እንቅፋት የሆነውን ድንጋይ ለቅሞ ዙሪያውን ካብ መካብ። ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል። በጣም የምወደው ምሳሌ ነው፣ ሁለት ሰው ባንድ ድንጋይ ሲጠቀም። ቄሶቹ ደግሞ በስብከት ማይክ ብቻ ባይፈለጉ ጥሩ ነው፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እነሱ ስለሆኑ የማፋሰሻ ጸብ ላይ ቦታቸው ትልቅ ነው።

ሴቶቹ ጋ ስንመጣ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ዛፍ ነው የሚወራው፣ ሴቶቹን ብትጠይቅ ግን የሚያወሩት ስለ ምንጭ ነው። እናቴ ልጅ ሆኜ ውሃ የምትቀዳባት ምንጭ ሚያዝያ ላይ እንኳ አትደርቅም ነበር፣ አሁን የካቲት ላይ ታንጠባጥባለች። ምንጭ የሚደርቀው ከላዩ ያለው ኮረብታ ውሃ ማስረግ ስላቆመ ነው፣ ራቁቱን የሆነ ኮረብታ ክረምት ላይ በጎርፍ ሰጥቶ በጋ ላይ ይነፍጋል፣ ሳር የለበሰው ግን ክረምት ይጠጣና በጋ ቀስ እያለ ይሰጣል። ስለዚ ኮረብታውን እንከልል ብለህ ከመጣህ ግማሹ ሰው ይቃወምሃል፣ ምንጫችንን እንመልስ ብለህ ከመጣህ ግን መጀመሪያ የሚቆሙት እናቶች ናቸው፣ ሥራው ያው አንድ ነው። ስብሰባውንም ውሃ መቅጃ ሰዓት ላይ አትጥሩት እባካችሁ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም የዚሁ አካል ነው፣ ደጋው ላይ እንጨት ሲጠፋ የሚነደው ኩበት ነው፣ ኩበት ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል።

ይሄ ከጎጥ በላይም ይሄዳል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጨሞጋን፣ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ተምጫን እየለቀቀ አባይን የሚመግብ ተራራ ነው፣ ጓሳ ሳሩና አስታ ዛፉ ግን እየተገፋ ድንችና ገብስ ጫፍ ድረስ ወጥቷል። ስናንና ቢቡኝ ወረዳ ላይ ያለውን ገበሬ ተራራውን ልቀቅ ማለት ቀላል ነው፣ ግን ውሃውን የሚጠጣው ማን ነው? ከጮቄ ውጪም ያው ነው፣ መራዊ ላይ ቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው፣ ከላይ የሚታጠበው አፈር መጨረሻው ግድቡ ነው፣ በጋ ላይ በመስኖ ስንዴና ሽንኩርት የሚያመርተው የታችኛው ገበሬ ለላይኛው ገበሬ አንድ ነገር ቢያዋጣ፣ ችግኝም ይሁን መኖም ይሁን የሁለት ቀን ጉልበት፣ ይሄ ልመና አይደለም፣ ዕዳ ነው። ከተሜውም ከዚ ውስጥ አለ፣ ደብረ ማርቆስም ባህር ዳርም ያለነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለው ግጭት ይሄን ሁሉ እንዳከበደው የጎጃም ሰው ይነገረዋል ወይ፣ ያውቀዋል። ባለሙያ እንደ ድሮው ቀበሌ አይወርድም፣ ዘመቻ የለም፣ ብዙ ቤት ከአፈር በፊት የሚያስጨንቀው ሌላ ሐዘን አለ። እኔ አምና ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ ያየሁት አንድ ነገር ግን አለ። በሪፖርት የተዘጋው ኮረብታ ተከፍቶ ከብት ውሎበታል፣ የጎጡ ሰዎች ራሳቸው በእድራቸው ደንብ የያዙት ቦረቦር ግን ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ ተቆጣጣሪ ከመጣ ስንት ጊዜው ነው፣ ማንም አልነካውም።

እዛ ቦረቦር ጫፍ ላይ ሁለት ማሳቸው የሚዋሰን ሰዎች ነበሩ፣ በፈሰስ ምክንያት ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ፣ የላይኛው የናቴ አጎት ነው። ሽምግልናው ሦስት እሁድ ፈጀ። የላይኛው ፈሰሱን ወደ ታች መልቀቁን ሊተው፣ የታችኛው ደግሞ ከወሰኑ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ለማፋሰሻ ሊሰጥ ተስማሙ፣ ለሰጠው መሬት ደግሞ ማፋሰሻው ላይ የሚበቅለውን ሳር መጀመሪያ እሱ እንዲያጭድ ተወሰነለት። ማፋሰሻውን ድንጋይ ያነጠፉት በወንፈል ነው፣ ደሾውን ያመጣችው የታችኛው ሚስት ናት ከወንድሟ ግቢ። አሁን ሳሩን መስከረም ላይ የታችኛው፣ ጥቅምት ላይ የላይኛው ያጭዳል፣ ስሄድ የላይኛው፣ የናቴ አጎት፣ ማጭዱን እየሳለ ነበር፣ ተራው ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት።